ስለ ድመት ግልገል ጤና አጠባበቅ፤ ይልቁንም ስለ ክትባቷ

ከደምበጫ አንሥቶ በጅጋና በፍኖተ ሰላም በኩል እስከ ቡሬ ድረስ ባለው አገር እህል የማይከማችበት ቤት ጥቂት ነው። በቆሎው በጎተራ፥ ጤፉና ዳጉሳው በጎታ፥ በርበሬው በጆንያ ሆኖ ይቀመጣል። እህል ባለበት አይጥ መኖሩ አይቀርም፤ አይጥን ለመከላከል ደግሞ ሰው ከጥንት ጀምሮ የተማመነው በድመት ነው። ስለዚህ አንዲት የድመት ግልገል ወደ ቤት ስትገባ የምትገባው ለጨዋታ ሳይሆን ለሥራ ነው። ይህ ለርስዋ ክብር ቢመስልም ጉዳት አለበት፤ ከገበታው የሚደርሳት ትርፍራፊው ብቻ ነው፤ ስትታመም የሚያያት የለም፤ ስትሞትም ሌላ ትመጣለች።

የሰው ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስለ ድመት ለመጻፍ ምን አነሣሣው ብሎ የሚደነቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። በሬና ላም በጋጣ ያድራሉ፤ ውሻ በደጅ ያድራል፤ የድመት ግልገል ግን ከሕፃናት ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ታድራለች። ሕፃኑ ያቅፋታል፥ ይስማታል፥ ከቍራሹ ያካፍላታል፤ እርስዋም በጨዋታ ላይ ትቧጥጠዋለች፥ ትነክሰዋለች። እንግዲህ በጠጕርዋ ውስጥ ያለው ቍንጫ፥ በሆድዋ ያለው ወስፋት፥ በቆዳዋ ያለው ጭርት፥ ከሁሉም የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቤተ ሰቡ የሚገባበት በር ክፍት ነው። ግልገሊቱን መጠበቅ ሕፃኑን መጠበቅ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

እንስሳን ማስከተብ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው የደስታ በሽታ የቀንድ ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ታላቅ ረኀብ ማምጣቱ በታሪክ የታወቀ ነው። ያው በሽታ በክትባትና በቍጥጥር ብርታት ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው። ዛሬም ገበሬው በሬውን ለማስከተብ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ይነዳል። ድመቱን በቅርጫት ይዞ ቢወጣ ግን ጎረቤት የሚስቅበት ይመስለዋል። የበሬ ዋጋ በገበያ ይታወቃል፤ የድመት ዋጋ የሚታወቀው አይጥ በቆሎውን ሲጨርስ ወይም ልጅ ሲነከስ ነው።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ግልገሊቱ ከእናትዋ ሳትለይ ነው። ብዙ ሰው ዓይንዋ ተገለጠ ሲባል በከረጢት ከትቶ ያመጣታል። የድመት ግልገል ዓይን የሚገለጠው ከተወለደች ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን ውስጥ ስለ ሆነ፥ በዚያን ጊዜ ከእናትዋ መለየት የሚጠባ ሕፃንን ከጡት እንደ መንጠቅ ያለ ነው። ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናትዋ ጋር ትቈይ። በዚህ ጊዜ የምታገኘው ወተት ብቻ አይደለም፤ አለመንከስን ከወንድሞችዋና ከእኅቶችዋ ጋር ስትላፋ ትማራለች፤ ቀድማ የተለየች ግልገል በኋላ የሕፃናትን እጅ የምትነክስ ትሆናለች። ዕድሜዋን የሚነግር ሰው ባይገኝ ጥርስዋን መመልከት ነው፤ የወተት ጥርሶች በሦስተኛው ሳምንት ብቅ ማለት ጀምረው በሁለተኛው ወር ይሟላሉ፤ የፊት ጥርሶች የሚለወጡት በአራተኛው ወር ገደማ ነው። ክብደትም ይረዳል፤ ደኅና ያደገች ግልገል በሁለት ወርዋ ወደ 1 ኪሎ ትጠጋለች። ለዚህ የባለሱቅ ሚዛን ይበቃል፤ በቅርጫት አድርጎ መዝኖ የቅርጫቱን ክብደት መቀነስ ነው። የመድኃኒቱ ልክ የሚወሰነው በክብደትዋ ስለ ሆነ ቍጥሩን ጽፎ መያዝ ይገባል።

ስለ ምግብዋ በልማድ የሚባለውን ሁሉ መቀበል አይገባም። የድመት ምግብ ወተት ነው ይባላል፤ ጡት ከተወች በኋላ ግን የብዙ ግልገሎች ሆድ የላም ወተት መፍጨት ይሳነዋል፤ ተቅማጥም ይይዛቸዋል። ለአንድ ኪሎ ገላ የሁለት ቀን ተቅማጥ ቀላል ነገር አይደለም። ወተት መስጠት ግድ ከሆነ የፈላና ጥቂት ይሁን፤ ንጹሕ ውሃ ግን ዘወትር ከፊትዋ አይታጣ። በወጥ የራሰ እንጀራ መስጠትም ከዚህ የባሰ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ መብሰላቸውም ጉዳታቸውን አያስቀረውም። በበዓል ቀን የዶሮ ወጡን ትራፊ ከነመረቁ ለግልገል የሚያቀርብ ሰው ደግነቱ ጉዳት እንዳለበት ይወቅ፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት፤ ለዓይንዋና ለልብዋ የሚያስፈልጋት ቶሪን የተባለው ንጥረ ነገር ከእህል አይገኝም። ስለዚህ የበሰለ ሥጋ፥ ጥቂት ጕበት፥ የተቀቀለ ዕንቍላል፥ አጥንቱ የወጣለት የጣና ዓሣ ይስማማታል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ባለቤቱ ሲጾም ድመቱም ሳትጠየቅ አብራ ትጾማለች፤ እርስዋ ግን ገና ክርስትና አልተነሣችምና በቀን አንድ ዕንቍላል ቢቀቀልላት ቅር የሚለው ሰው አይኖርም። ከጠገበች አይጥ አትይዝም የሚል ሥጋትም መሠረት የለውም። ድመት መንኵሳ ዐመልዋን አትረሳ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ የጠገበች ድመት አድኖዋን አትተውም፤ የምትተወው የተራበችና አቅም ያጣች ናት። ድመት ባለበት ቤት የአይጥ መርዝ ማኖር ግን ሠራተኛዋን ቀጥሮ መልሶ መግደል ነው።

አሁን ወደ ሆድዋ እንመለስ። አባቶቻችን በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ የነበረው በሆድ የሚኖር ትል በአንድ መድኃኒት ለዘለቄታው እንደማይለቅ ስላወቁ ነው። የድመት ግልገልም እንዲሁ ናት። ወስፋቱ የሚደርሳት ከእናትዋ ወተት ጋር ስለ ሆነ፥ ንጹሕ በሆነ ቤት የተወለደችው እንኳ ከዚህ አታመልጥም። ሆድዋ ተነፍቶ ጐንዋ ከሲታ፥ ጠጕርዋም የቈመ ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው። በሐኪሞች ዘንድ የተለመደው ሥርዓት ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየ15 ቀኑ እስከ ሁለት ወር፥ ከዚያም በየወሩ እስከ ስድስት ወር የትል መድኃኒት መስጠት ነው። ፒራንቴል ወይም ፌንቤንዳዞል ለዚህ ይውላሉ። ኮሶን ራሱን ግን ለግልገል ማጠጣት አይገባም፤ ለበሬ የተዘጋጀውን የአልቤንዳዞል እንክብል በግምት ቈርሶ መስጠት፥ ወይም የከብቱን የአይቨርሜክቲን መርፌ በጠብታ መወጋት አደገኛ ነው። ለ300 ኪሎ በሬ በተቀመመ መድኃኒት ላይ ለአንድ ኪሎ ግልገል የሚደረግ የዓይን ግምት ብዙ ጊዜ ይስታል። ከርስዋ የወጣው የወስፋት ዕንቍላል በአፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ሰንብቶ ለሰው የሚተላለፍ ይሆናል፤ በአፈር የሚጫወት ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል፤ ትሉም በገላው ውስጥ ሲዞር ጕበቱን፥ አንዳንድ ጊዜም ዓይኑን ይጐዳል።

ቍንጫን በጥርሰ ቀጭን ማበጠሪያ ማበጠር፥ የምትተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውሃ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት ለግልገል ዕድሜ የሚበቃ ሕክምና ነው። ቍንጫ አንድ ዓይነት የኮሶ ትል ስለሚያስተላልፍ ነገሩ የማሳከክ ብቻ አይደለም። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን ወይም ፐርሜትሪን ያለበትን ዱቄት በድመት ላይ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ግልገሊቱ ገላዋን ስትልስ መርዙን ትውጠዋለችና። ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው ፓራሲታሞልም ድመትን ይገድላል። ጆሮዋ ወይም ፊትዋ ላይ ክብ ሆኖ ጠጕሩ የረገፈ ስፍራ ከታየ ጭርት ሊሆን ስለሚችል ልጆች ከማቀፍ ይከልከሉ። ይህንኑ በሽታ በልጆች ራስ ላይ ሲወጣ ቆረቆር እንለዋለን።

ነፍሰ ጡር ሴት ባለችበት ቤት ደግሞ ቶክሶፕላዝማ ስለሚባለው ተሐዋሲ አንድ ቃል ማከል ይገባናል። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ድመቱን ከቤት ያባርራል፤ ይህ አያስፈልግም። ተሐዋሲው ከድመት ኵስ ጋር ከወጣ በኋላ ለሰው የሚተላለፈው ቢያንስ አንድ ቀን ካለፈው ወዲያ ነው። እንግዲያው ደረቅ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ያለበት ሣጥን ተዘጋጅቶ በየቀኑ ሌላ ሰው ቢያጸዳው፥ ነፍሰ ጡርዋም እጅዋን ብትታጠብ ይበቃል። ያው ተሐዋሲ በጥሬ ሥጋ ውስጥም ይኖራል፤ ድመቱን አባርራ ቍርጡን ሳትተው የምትቀር እናት ግማሹን በር ብቻ ዘግታለች።

በአንዳንድ ቤት ግልገል በመጣች በሳምንትዋ ትሞታለች፤ ሌላ ትመጣለች፤ እርስዋም ትሞታለች። ባለቤቶቹም «ለቤታችን ድመት አይቀናም» ብለው ይተዉታል። ነገሩ የቀን ጕዳይ አይደለም። የድመት ተላላፊ የአንጀት በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ በወለልና በምንጣፍ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቈይ ስለሚችል ነው። የታመመችው ታስታውካለች፥ ትቀማጣለች፥ ውሃው አጠገብ አንገትዋን ደፍታ ሳትጠጣ ትቀመጣለች፥ በጥቂት ቀናትም ትሞታለች። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም። ዕቃዋን ማቃጠል፥ ወለሉን አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጦ ማጠብ፥ ያልተከተበች ግልገልም ቶሎ አለማምጣት ያስፈልጋል። ክትባቱ ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 16ኛው ሳምንት በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደገማል፤ ነገር ግን በትናንሽ ከተሞች ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፥ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ግልገሊቱን ይዞ ከመሄዱ በፊት ክትባቱ መኖሩን ይጠይቅ።

የማይታለፈው ክትባት ግን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ነው። ስሙ በውሻ ቢጠራም ድመትም ትይዘዋለች፤ በውሻ ወይም በቀበሮ ተነክሳ ትለከፋለች፥ በምራቅዋም ታስተላልፋለች። ይህ በሽታ ለጎጃም የዛሬ እንግዳ አይደለም፤ በ1876 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1884) በትግራይ፥ በበጌምድር፥ በጎጃምና በወሎ ታላቅ ወረርሽኝ ሆኖ መነሣቱ ተጽፎ ይገኛል። በዓመቱ፥ በ1877 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር በፓሪስ በእብድ ውሻ የተነከሰ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት አዳነ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ታውቆ ሳለ ዛሬም በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚሁ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ገጠር የሚኖር ነው፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከምልክቱ በፊት ነው።

ግልገሊቱ ሦስት ወር፥ ማለትም 12 ሳምንት ሲሞላት ትከተብ፤ ከዓመት በኋላ ይደገምላት፤ ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ በክትባቱ ዓይነት መሠረት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ ያዝዛል። ክትባቱ በተሰጠ ዕለት አይሠራም፤ ኀይሉ እስኪጠነክር አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ እስከ አራት ወርዋ ድረስ በማታ ከቤት ባትወጣ፥ ከባዕድ ውሻም ብትጠበቅ ይሻላል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ውሃ ማለት ነው፤ በበረዶ ዕቃ ወይም በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ሳይሆን ከኪስ የሚወጣ ብልቃጥ ባይወጉት ይሻላል፤ ተከትባለች የሚል የሐሰት መተማመን ብቻ ይሰጣልና።

የተለከፈች ድመት ዐመልዋ ይለወጣል፤ ገራም የነበረችው ሳይነኳት ትዘላለች፥ ወይም በጨለማ ጥግ ትሸሸጋለች፤ ድምፅዋ ይለወጣል፤ ለሐጭዋ ይዝረከረካል፤ ኋላም የኋላ እግርዋ ይሰንፋል። እንዲህ ያለችውን በባዶ እጅ ለመያዝ መሞከር አይገባም።

ድመት ልጅን በነከሰች ወይም ቧጥጣ ባደማች ጊዜ ቍስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። በሰዓት ቢለካ ከሚገመተው በላይ ረጅም ነው፤ ሳሙናው ግን ቫይረሱን ይገድላል፤ ይህ በላህ ወንዝ ዳር ላለ እረኛም ቢሆን የሚቻል ሕክምና ነው። ቅቤ፥ አመድ፥ የቡና ዱቄት በቍስሉ ላይ መነስነስ ግን ይጐዳል። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ክትባቱ በዚያ ባይኖር የሚገኝበትን ስፍራ የሚያመለክተው እርሱ ነው። ወደ ጠበል ወይም ወደ ባሕል መድኃኒት አዋቂ መሄድ የሚሻ ሰው ቢኖር አንከለክልም፤ የምንለምነው ቀድሞ ታጥቦና ክትባቱን ጀምሮ እንዲሄድ ነው። የነከሰችው ድመት ካለች ታስራ 10 ቀን ትጠበቅ፤ በነዚህ ቀናት ደኅና ከሆነች በነከሰች ጊዜ በምራቅዋ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ዐሥሩ ቀን እስኪያልፍ ብሎ ክትባቱን አለመጀመር ግን አደገኛ ነው። ብትሞት ወይም ብትገደል ሬሳዋን ከመቅበር በፊት ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባል፤ አንጎልዋን የሚመረምር ላቦራቶሪ አለና። በአዲስ አበባ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ የሚጠራው፥ የአሁኑ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ሥራ ከቀድሞ ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው።

መምህራን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። ልጅ በድመት መነከሱን ይደብቃል። አንድም ድመቱን ይገድሉብኛል ብሎ ነው፤ አንድም መርፌውን ፈርቶ ነው። ቀድሞ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት ለብዙ ቀናት በተከታታይ በሆድ ላይ ይወጋ ስለ ነበረ ወላጆች ወሬውን ለልጆቻቸው አውርሰዋል። አዲሱ ክትባት ግን በክንድ ላይ በሁለት ወይም በአራት ሳምንት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ መናገር፥ እጁ የተቧጠጠ ልጅ ሲታይም ያለ ቍጣ መጠየቅ ሕይወት ያተርፋል።

በመጨረሻ ስለ አፈጻጸሙ። የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ የተደራጀው ለቀንድ ከብት፥ ለበግና ለፍየል ስለ ሆነ፥ አንድ ሰው አንዲት ግልገል ይዞ ቢሄድ «ክትባቱ የለም» ሊባል ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ያህል እንስሳት የሚበቃ መሆኑ ነው፤ ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ለአንዲት ድመት ተከፍቶ ዘጠኙ እጅ ይደፋ ዘንድ ባለሙያው አይወድም። መፍትሔው መሰብሰብ ነው። አንድ መምህር በክፍሉ ካሉት ተማሪዎች ድመትና ውሻ ያላቸውን ቢቈጥር ዐሥር ማግኘት አይቸግረውም። ስማቸውን፥ የእንስሳቱን ዕድሜና ቍጥር ጽፎ ከሁለት ሳምንት በፊት ለክሊኒኩ ቢያቀርብ፥ ክትባቱ ታዝዞ በአንድ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሊከናወን ይችላል። በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን ገደማ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ስለሚውል፥ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ነውና ለመጀመሪያው ሙከራ ይስማማል። ድመት በገመድ ታስራ ስለማትመጣ እያንዳንዷ ለብቻዋ ክዳን ባለው ቅርጫት ወይም በተበሳ ካርቶን ትምጣ፤ ውሾቹም በሌላ ወገን ይሰለፉ። ለእያንዳንዱ ባለቤት የእንስሳዋ ስም ወይም መልክ፥ የተከተበችበት ቀን፥ የክትባቱ ስምና የብልቃጡ ቍጥር፥ ቀጣዩም ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠው፤ ሌላው ቅጂ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይቀመጥ። ልጅ በተነከሰ ጊዜ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው።